ቅዱስ ያሬድ፦ ትምህርት ያልገባው ሕፃንና በሒሳብ የሚቸገሩ ተማሪዎች

በየዓመቱ በልደት በዓል በላሊበላ ቤተ ማርያም በሚከናወነው የቤዛ ኵሉ ሥርዓት የሚሰማው ዜማ በትውፊት መሠረቱ የቅዱስ ያሬድ ነው። በላስታ አድባራት ዜማ የሚማሩ ደቀ መዛሙርትም የሚያጠኑት የእርሱን ድርሰት ነው። ይህ ሊቅ ግን በልጅነቱ ትምህርት የማይዘልቀው ተማሪ ነበር።

ገድሉ እንደሚተርከው፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም የተወለደው ያሬድ አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተበት እናቱ ለአጎቱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። መዝሙረ ዳዊትን መያዝ ለብዙ ጊዜ ተሳነው፤ ባልንጀሮቹ ተሳለቁበት፤ መምህሩም ገረፈው። ሸሽቶ በማይ ኪራሕ ከዛፍ ሥር በተጠለለ ጊዜ፣ አንዲት ትል ዛፉን ለመውጣት ስትሞክር እየወደቀች፣ ደጋግማም ሞክራ በመጨረሻ ፍሬው ዘንድ ስትደርስ ተመለከተ። ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጌዴዎንም ተቀብሎ እንደ ገና አስተማረው። ከዚያ በኋላ ብሉይንና ሐዲስን ፈጸመ፤ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመንም በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማ ድጓን ደረሰ። ኋላም ከላስታ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በጋይንት፣ በዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት እንዳስተማረ ይነገራል። መታሰቢያው ግንቦት 11 ቀን ይከበራል።

ገድሉ ከዘመኑ ብዙ ዘግይቶ የተጻፈ በመሆኑ የያሬድን ችግር በዛሬ ስያሜ መሰየም አይቻልም። ሆኖም ታሪኩ ስለ ጽናት ብቻ ተደርጎ ሲነገር የውድቀቱ ኃላፊነት በሕፃኑ ላይ ይወድቃል። ትረካው ራሱ ግን ሁለት ነገሮችን ያሳያል፦ ግርፋቱ አላስተማረውም፤ መምህሩም በሩን አልዘጋበትም።

ልዩነቱ በሒሳብ ትምህርት ጎልቶ ይታያል። የሒሳብ የመማር እክል ያለበት ሕፃን በሌላው ትምህርት ንቁ ሆኖ ሳለ የቁጥርን መጠን ከምልክቱ ጋር ማዛመድ፣ ቀላል ድምሮችን በቃል መያዝና ተከታታይ ስሌቶችን መፈጸም ሊያስቸግረው ይችላል። በአብነት ትምህርት የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። አበቅቴን ለማግኘት ዓመተ ዓለሙ ለ19 ይገደፋል፤ ከቀሪው 1 ተቀንሶ ወንበር ይወጣል፤ ወንበሩም በ11 ተባዝቶ ለ30 ይገደፋል። አንዱን እርምጃ የዘነጋ ተማሪ የመጨረሻውን ውጤት ያጣል። እንዲህ ያለውን ተማሪ ያንኑ ስሌት ደጋግሞ ማሠራት ብቻውን አይረዳውም፤ እርምጃዎቹን ለያይቶ በግልጽ ማሳየት፣ በጠጠርና በቁጥር መስመር ማስደገፍ፣ ጊዜም መስጠት ያስፈልጋል።

የአብነት ትምህርት ቤት ለዚህ የሚሆን ልማድ አለው። ጀማሪው ፊደሉን በስንደዶ እየነካ አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን ያስቀጽላል፤ ደቀ መዝሙሩም በራሱ ፍጥነት ይጓዛል። በላስታም ሆነ በሌላ አካባቢ ያለ የዘመናዊ ትምህርት ቤት መምህር ከያሬድ ሕይወት ሊወስድ የሚገባው የትሏን ጽናት ብቻ ሳይሆን፣ የተመለሰውን ሕፃን ተቀብሎ እንደ ገና ያስተማረውን የጌዴዎንን ተግባር ጭምር ነው።