የጠመኔዋ ፊደል፦ የተዋናዩ ፒተር ሎሬ ሕይወት

ነገ ተመርቀን በየወረዳው ስንበተን ከእጃችን የማትለየው መሣሪያ ጠመኔ ናት። ፊደል የምናስቆጥረው በእሷ፣ ሒሳብ የምናሰላው በእሷ ነው። ለዛሬ ያቀረብንላችሁ ታሪክ ግን ጠመኔ ሌላም ሥራ እንዳላት ያስታውሰናል። በአንድ ፊልም ውስጥ በአንድ ተዋናይ ካፖርት ላይ በጠመኔ የታተመች አንዲት ፊደል፣ ፊልሙ ካለቀ በኋላ እንኳ አልለቅ ብላ ሰውየውን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ተከተለችው። ፊልሙ በ1931 ዓ.ም. በጀርመን አገር የተሠራው «ኤም» ነው፤ ሰውየውም ተዋናዩ ፒተር ሎሬ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሎሬ የተወለደው ጁን 26 ቀን 1904 ዓ.ም. ነው። የተወለደባት ሩዦምበሮክ የምትባል ከተማ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያና በሀንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረች፤ ዛሬ የምትገኘው በስሎቫኪያ ነው። ወላጆቹ አይሁዶች ሲሆኑ ያወጡለት ስም ላስሎ ሎቨንስታይን ይባላል። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ እናቱ ሞቱበት። አባቱ ሌላ ሚስት አገቡ፤ ቤተሰቡም ከጊዜ በኋላ ወደ ቪየና አካባቢ ሄዶ ኖረ። አባት ልጃቸው ሁነኛ እንጀራ እንዲይዝላቸው ይፈልጉ ስለነበር ላስሎ ባንክ ቤት ገብቶ መሥራት ጀመረ። መቼም ልብ ከሌለበት ሥራ አይሆንም፤ የእሱ ልብ ቲያትር ላይ ነበረና ብዙም ሳይቆይ ባንኩን ጥሎ ወጣ።

በቪየና ሳለ ካስጠጉት ሰዎች አንዱ ያዕቆብ ሞሬኖ የተባለው ሐኪም ነው። ይህን ስም የሥነ ልቡና ትምህርት የጀመርን ሁሉ ሳንሰማው አንቀርም። በአንድ ክፍል ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚቀራረብ፣ ማንስ ብቻውን እንደቀረ የሚጠናበትን ሶሺዮሜትሪ የተባለውን ዘዴ የመሠረተ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ታዲያ ሞሬኖ ተዋንያን ያለ ጽሑፍ፣ እንደመጣላቸው የሚጫወቱበት ትንሽ ቲያትር ነበረው። ላስሎ እዚያ ገብቶ ተጫወተ፤ ፒተር ሎሬ የሚለውንም የመድረክ ስም የያዘው በዚሁ ወቅት ነው። ከዚያ በብሬስላው፣ በዙሪክና በቪየና መድረኮች ሲሠራ ቆይቶ በ1920ዎቹ መጨረሻ በርሊን ገባ።

ሎሬ ቁመቱ አጭር፣ ፊቱ ክብ፣ ዓይኖቹ ትላልቅና ፈጠጥ ያሉ፣ ድምፁም ለስላሳ ነበር። እንዲህ ያለ መልክ ለዋና ተዋናይነት ይመረጣል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አልነበረም። ታዋቂው ጸሐፌ ተውኔት ቤርቶልት ብሬሽት ግን ወደደው። በ1931 ዓ.ም. ብሬሽት ራሱ ባዘጋጀው «ሰው ሰው ነው» በተባለው ተውኔቱ ውስጥ ሎሬ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ተጫወተ። ተውኔቱ የሚያሳየው ዓሣ ሊገዛ ከቤቱ የወጣን አንድ የዋህ ተሸካሚ ነው። ወታደሮች ይይዙትና ስሙን ለውጠው፣ ማንነቱን አስክደው ሌላ ሰው ያደርጉታል። የሎሬም ዕጣ ከዚህ ተሸካሚ ዕጣ ብዙ የራቀ እንዳልነበር ወደፊት እናያለን።

የፊልም አዘጋጁ ፍሪትስ ላንግም እንግዲህ ሎሬን ለ«ኤም» መረጠው። ላንግ «ሜትሮፖሊስ» በተባለው የ1927 ፊልሙ የታወቀ ሲሆን፣ ድምፅ ያለው ፊልም ሲሠራ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። ጽሑፉን ያዘጋጀው ከባለቤቱ ከደራሲዋ ከቴያ ፎን ሃርቡ ጋር ነው። የካሜራው ሰው ፍሪትስ አርኖ ቫግነር፣ ገንዘቡን ያቀረበው ደግሞ የኔሮ ፊልም ድርጅት ባለቤት ሲሞር ኔበንሳል ነበር። በዚያን ዘመን በጀርመን ከተሞች ሰው እየደጋገሙ የሚገድሉ ወንጀለኞች ሕዝቡን አሸብረውት ነበር። በዱስልዶርፍ ብዙ ነፍስ ያጠፋው ፒተር ኩርተን በሞት የተቀጣው በዚሁ በ1931 ዓ.ም. ነው።

የፊልሙ ታሪክ ለእኛ ለመምህራን ቅርብ ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኳሷን እያነጠረች ትሄዳለች። እናቷ ምሳ አቅርባ ሰዓቱን ደጋግማ ታያለች። አንድ የማይታወቅ ሰው ለልጅቷ ፊኛ ይገዛላታል። ግድያው አይታይም። የምናየው ሰው ያልቀረበበት ሳህን፣ ተንከባልላ ሣር ላይ የቆመች ኳስና ሽቦ ላይ የተንጠለጠለች ፊኛ ብቻ ነው። ደም አንዲት ጠብታ ሳይታይ ተመልካቹ ይንቀጠቀጣል። ልጅቷን ኢንገ ላንድጉት፣ እናትዬዋን ኤለን ቪድማን ተጫውተዋቸዋል።

በኦቶ ቬርኒከ የተመሰለው መርማሪ ሎማን ከፖሊሶቹ ጋር ከተማውን ያምሳል። አሰሳው ሥራቸውን ያበላሸባቸው ሌቦችም በበኩላቸው ገዳዩን ማደን ይጀምራሉ። አለቃቸውን የተጫወተው ጉስታፍ ግሩንድገንስ ነው። የከተማውን ለማኞች በየመንገዱ ጠባቂ ያደርጓቸዋል። ገዳዩ ስሜቱ ሲነሣበት የኖርዌጂያዊውን የኤድቫርድ ግሪግን አንድ ዜማ ያፏጫል። ሎሬ ማፏጨት ስለማይችል ፉጨቱ የራሱ የላንግ ነው ይባላል። ዜማውን ሰምቶ ገዳዩን የሚለየው ማን መሰላችሁ? ዓይነ ስውሩ ፊኛ ሻጭ ነው። ከዚያ አንድ ወጣት መዳፉ ላይ በጠመኔ ኤም የምትባለውን የላቲን ፊደል ይጽፍና የተደናቀፈ መስሎ የገዳዩን ትከሻ መታ ያደርገዋል። ፊደሏ በጀርመንኛ ነፍሰ ገዳይ ለሚለው ቃል መነሻ ናት። ሰውየው ምልክቷን በመስታወት ሲያያት የሚታይበት ድንጋጤ እስከ ዛሬ በሲኒማ ታሪክ ይጠቀሳል።

በመጨረሻ ሌቦቹ ይዘውት በአንድ የተዘጋ የአረቄ ፋብሪካ ምድር ቤት ውስጥ ለፍርድ ያቆሙታል። ሎሬ ተንበርክኮ፣ ዓይኑ ፈጥጦ፣ በውስጡ ያለውን ክፉ ነገር መቆጣጠር እንደማይችል እየጮኸ ይናዘዛል። ሕዝቡ ይሙት ይላል። ጠበቃ እንዲሆን የተመደበለት ሰው ግን የታመመ ሰው ለሐኪም እንጂ ለገዳይ አይሰጥም ብሎ ይሟገታል። ፖሊስ ይደርሳል። ፊልሙ የሚያበቃው ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች የማንም መቀጣት ልጆቹን እንደማይመልስና ሕፃናትን መጠበቅ የሁሉም ኃላፊነት መሆኑን ሲያሳስቡ ነው። የሎሬ ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ለገዳዩ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ግን ሰው መሆኑንም አልደበቀም። ከመድረክ በታች ያለነውን ሁሉ ያስጨነቀን እሱ ነው።

«ኤም» ሜይ 11 ቀን 1931 ዓ.ም. በርሊን ውስጥ ታየ። ሎሬም ባንዴ በመላ አውሮፓ ታወቀ። ታወቀ ስንል ግን ምን ተብሎ? ነፍሰ ገዳዩ ተብሎ ነዋ! የሚያስቅም የሚያስለቅስም መጫወት የሚችል ሰው የሚጠራው ለክፉ ሰው ቦታ ብቻ ሆነ። የእኛ ሰው ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት የሚለው ይኸን ነው።

ከዚያ የባሰው መጣ። በ1933 ዓ.ም. ሂትለር ሥልጣን ያዘ። አይሁዳዊው ሎሬ አገር ጥሎ ተሰደደ። ፊልሙን አብረው የሠሩትም ተበታተኑ። ላንግና ኔበንሳል ከጀርመን ወጡ። ቴያ ፎን ሃርቡ ከላንግ ተፋትታ እዚያው ቀረች፤ በናዚዎች ዘመንም ፊልም መሥራቷን ቀጠለች። በፊልሙ የሌቦች አለቃ ሆኖ የፈረደው ግሩንድገንስ ደግሞ በዚያው ዘመን የትልቅ ቲያትር ቤት ኃላፊ ሆነ። «ኤም» ራሱ በ1934 ዓ.ም. በጀርመን እንዳይታይ ታገደ።

ናዚዎቹ ፊልሙን አገዱት እንጂ አልረሱትም። በ1940 ዓ.ም. በአይሁዶች ላይ ጥላቻን ለመንዛት «ዘላለማዊው አይሁድ» የተባለውን የፕሮፓጋንዳ ፊልም ሲሠሩ ያን የኑዛዜ ትርዒት ቆርጠው አስገቡት። አይሁዱ ሎሬ ለነፍሰ ገዳይ እንዲታዘንለት ያደርጋል በሚል ክስ ፊቱን ለሕዝብ አሳዩ። እስቲ አስቡት! ሚሊዮኖችን ለመግደል የሚዘጋጁት፣ በሕይወቱ ማንንም ያልገደለውን ተዋናይ የክፋት ምሳሌ አድርገው አቀረቡት። በፊልሙ ውስጥ በጠመኔ የተጻፈችው ፊደል ይኸውና በእውነተኛው ሰው ትከሻ ላይ ታተመች።

በዚያን ጊዜ ሎሬ በሕይወት የነበረው ርቆ ስለሄደ ነው። ከቪየና ፓሪስ፣ ከፓሪስ ለንደን ዘለቀ። በለንደን አልፍሬድ ሂችኮክ ለ1934 ፊልሙ ሲያነጋግረው ሎሬ እንግሊዝኛ አይችልም ነበር ማለት ይቻላል። እየተከታተለ ራሱን ነቅነቅ በማድረግና ሂችኮክ ቀልድ ሲጨርስ በመሳቅ ቋንቋ የሚያውቅ መስሎ ሥራውን እንዳገኘ ይነገራል። ከዚያ የሚናገረውን በቃሉ አጥንቶ ተጫወተ። ቀጥሎ አሜሪካ ገባና በ1935 ዓ.ም. ከዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» በተወሰደ ፊልም ላይ ራስኮልኒኮቭን ሆነ። ይኸም ገዳይ ነው! ከ1937 እስከ 1939 ዓ.ም. ሚስተር ሞቶ የሚባል ጃፓናዊ መርማሪ ሆኖ ስምንት ፊልሞች ሠራ። በ1941 ዓ.ም. የጆን ሂውስተን «የማልታው ጭልፊት»፣ በ1942 ዓ.ም. ደግሞ «ካዛብላንካ» ተከተሉ። በሁለቱም ከሃምፍሪ ቦጋርት ጋር ተጫውቷል። «ካዛብላንካ» ስለ ስደተኞች የሚናገር ፊልም ሲሆን ከተዋንያኑ ብዙዎቹም እንደ ሎሬ ከናዚ ያመለጡ ስደተኞች ነበሩ።

ሕይወቱ ግን አልቀናችም። በሕመም ምክንያት የተሰጠው ሞርፊን ሱስ ሆኖበት ለዓመታት ተሠቃየ። ገንዘብ መያዝ አያውቅም ነበርና በ1949 ዓ.ም. መክሰሩን በሕግ አስታወቀ። ያን ጊዜ ነው ወደ ጀርመን የተመለሰው። በ1951 ዓ.ም. «የጠፋው ሰው» የተባለውን ፊልም ራሱ በጽሑፉ ተሳትፎ፣ ራሱ አዘጋጅቶ፣ ራሱም ዋና ተዋናይ ሆኖ አቀረበ። በአዘጋጅነት የሠራው ይኸ ብቻ ነው። ታሪኩ በናዚ ዘመን ስለነበረ አንድ ተመራማሪ ሐኪም ነው። ሐኪሙ እጮኛውን ይገድላል፤ ባለሥልጣኖች ግን ምርምሩ ስለሚጠቅማቸው ወንጀሉን ይሸፍኑለታል፤ እሱም መግደሉን ይቀጥላል። ሎሬ ከ20 ዓመት በኋላ ወደዚያው ወደ ገዳዩ ታሪክ ተመልሶ፣ ገዳዩ አንድ ሰው ብቻ ነው ወይስ ያቀፈው መንግሥትም ጭምር ብሎ መጠየቁ ነበር። ሕዝቡ ግን ያን ዘመን ለማስታወስ አልፈለገም። ፊልሙ ተመልካች አጣና ከሲኒማ ቤቶች ቶሎ ወረደ። ሎሬም ልቡ ተሰብሮ አሜሪካ ተመለሰ።

የቀረውን ዕድሜውን ብዙውን ጊዜ በአስፈሪና በአስቂኝ ፊልሞች አሳለፈ። የራሱን ፊትና ድምፅ እያጋነነ ሲያስቅ ኖሮ ማርች 23 ቀን 1964 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ59 ዓመቱ ሞተ። ከሞተ ከ13 ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ ፖሊስ መስለው ሴቶችን የሚገድሉ ሁለት ሰዎች የሎሬን ሴት ልጅ መንገድ ላይ አስቁመዋት ነበር። የማን ልጅ እንደሆነች ሲያውቁ እንደለቀቋት ይነገራል። እሷ እነማን እንደነበሩ ያወቀችው ከተያዙ በኋላ ነው። አባቷን ዕድሜ ልኩን የከበደው ስም፣ ለእሷ አንድ ቀን ጋሻ ሆነላት።

እኛስ ከዚህ ምን እንማራለን? በልምምድ ክፍላችን ልጆች በጠመኔ አንዱ የአንዱን ጀርባ ሲያቀልሙ አይተን ስቀናል። ያ ይራገፋል። እኛ መምህራን ግን አንዱን ሰነፍ፣ አንዱን ዱርዬ፣ አንዷን ደደብ ብለን በክፍሉ ፊት ስንጠራ የምንጽፈው የማይራገፈውን ነው። የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ ስሙ ከመጠራቱ በፊት ክፍሉ የሚስቅበት ማን ስላስተማራቸው ነው? ፒተር ሎሬ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ችሎታም ዝናም ኖሮት እንኳ ከትከሻው ሊያራግፋት ያልቻላትን ፊደል የ8 ዓመት ልጅ እንዴት ያራግፋታል? ስለዚህ ጓዶች፣ ሶሺዮሜትሪውን ለፈተና ብቻ አንሸምድደው፤ ብቻውን የቀረውን ልጅ እንፈልግበት። ሰሌዳ ላይ ለተሳሳትነው ዳስተር አለን፤ ልጅ ላይ ለጻፍነው ግን የለንም።