ፊልሙ ያልነገረን የአና ሊዮኖወንስና የሲያሙ ንጉሥ እውነተኛ ታሪክ

ፊልሙን ሳታዩት አትቀሩም፤ ባታዩትም ከዳንሱ የተቆረጠች ቪዲዮ አንድ ቀን ስልካችሁ ላይ ብቅ ብላለች። ጸጉሩን የተላጨ የሲያም ንጉሥ፣ ሰፊ ቀሚስ የለበሰች እንግሊዛዊት አስተማሪ፣ ሁለቱ ተያይዘው በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ሲሽከረከሩ። ፊልሙ የወጣው በ1956 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ንጉሡን ሆኖ የተወነው ዩል ብሪነር ኦስካር ወስዶበታል።

አሁን ደግሞ እውነተኞቹን ሰዎች እንያቸው። አና በ1862 ባንኮክ ስትደርስ ንጉሥ ሞንግኩት 57 ዓመታቸው ነበር። ዙፋን ላይ ከመውጣታቸው በፊት 27 ዓመት በምንኩስና ኖረዋል። ላቲን ከፈረንሳዊ ጳጳስ፣ እንግሊዝኛ ከአሜሪካ ሚስዮናውያን ተምረዋል። ትርፍ ሰዓታቸውን የሚያሳልፉት ቴሌስኮፕና ስሌት ላይ ነው። ሁለቱ ስለመፋቀራቸው አንድም ማስረጃ የለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ታሪክ ከየት መጣ? ነገሩ የሚጀምረው ከአና ከራሷ ነው።

አና ስለ ራሷ ስታወራ በ1834 እንግሊዝ አጠገብ ባለችው ዌልስ እንደተወለደች፣ አባቷ ሻምበል እንደነበር፣ ባሏ ሻለቃ ቶማስ ሊዮኖወንስም ሲንጋፖር ውስጥ ነብር ሊያድን ወጥቶ ፀሐይ መትቶት እንደሞተ ትናገር ነበር። መዝገቡ የሚለው ሌላ ነው። የተወለደችው በ1831 ሕንድ ውስጥ ነው። አባቷ ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው ወታደር ሲሆን የሞተውም እሷ ሳትወለድ ነው። በእናቷ በኩል የሕንድ ደም እንዳለባት ይታመናል። ባሏ ደግሞ ጸሐፊ ነበር፤ በኋላ ፔናንግ በምትባለው ደሴት ሆቴል ሲያስተዳድር በ1859 ሞተ። ነብር የሚባል ነገር የለም።

ግን ቶሎ አትፍረዱባት። አራት ልጆች ወልዳ ሁለቱ በሕፃንነታቸው ሞተዋል። ባሏ ሲሞት ገና 27 ዓመቷ ነው፤ እጇ ላይ ሁለት ልጆች እንጂ ምንም የለም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ውስጥ ከድሃ ወታደር የተወለደች፣ ደሟ የተቀላቀለ ሴት ምን ዓይነት በር ይከፈትላታል? የሻለቃ ሚስት ለነበረች እመቤት ግን ሰው ልጁን አምኖ ይሰጣል። ስለዚህ ሲንጋፖር ሄዳ አዲስ ታሪክ ይዛ ብቅ አለች፤ የመኮንኖች ልጆች የሚማሩበት ትንሽ ትምህርት ቤትም ከፈተች። እኔ በበኩሌ ይሄኛውን ውሸቷን ይቅር እላታለሁ።

ለዚህ ስትል ብዙ ከፍላለች። የእህቷ ልጅ ደሙ የተቀላቀለ ሰው ስላገባች ብቻ ከእህቷ ቤተሰብ ጋር ቆራረጠች። ከዚያ ከተቆረጠው ቤተሰብ የተወለደው ልጅ፣ ማለትም የእህቷ የልጅ ልጅ፣ በፍራንከንስታይን ፊልም ዓለምን ያስፈራው ቦሪስ ካርሎፍ ነው! ሁለቱም የዝና ሰዎች በአንድ ዘር ሐረግ ላይ መሆናቸውን ያወቀ ብዙ ሰው አልነበረም።

ወደ ሲያም እንመለስ፤ የዛሬዋ ታይላንድ ማለት ነው። ሞንግኩት ልጆቻቸው እንግሊዝኛና የአውሮፓን እውቀት እንዲማሩ ፈለጉ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ዙሪያውን ያሉትን አገሮች እየዋጡ በነበረበት ሰዓት የእነሱን ቋንቋ ማወቅ ለአገራቸው ከጦር መሣሪያ አያንስም ነበር። ነገር ግን የሚስዮናውያን ሚስቶች ሲያስተምሩ ስብከት ያስገቡ ነበርና ለአና በጻፉላት ደብዳቤ ቋንቋና ሳይንስ እንድታስተምር፣ ሃይማኖት ለማስቀየር ግን እንዳትሞክር አስቀድመው ነገሯት። ሴት ልጇን እንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት ልካ፣ ትንሹን ሉዊስን ይዛ ባንኮክ ገባች። ለአምስት ዓመት ያህል የንጉሡን ልጆችና አንዳንድ ሚስቶቻቸውን አስተማረች፤ በእንግሊዝኛ ደብዳቤም ታግዛቸው ነበር። ከተማሪዎቿ አንዱ በኋላ የነገሡት ቹላሎንግኮርን ናቸው።

በ1867 ለእረፍት ወጣች። ልመለስ እያለች ስትደራደር ንጉሡ ሞቱ። የአሟሟታቸው ታሪክ ከየትኛውም ልብ ወለድ ይበልጣል፦ ሞንግኩት የነሐሴ 18 ቀን 1868ቱን የፀሐይ ግርዶሽ ራሳቸው አስልተው የት ቦታ ሙሉ ሆኖ እንደሚታይ ለዩ። ዋ ኮ በምትባል ረግረጋማ የባሕር ዳርቻ ላይ ሰፈር አስተክለው የፈረንሳይ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎችንና የሲንጋፖሩን የእንግሊዝ ገዥ ጋበዙ። ግርዶሹ ልክ እንዳሉት ሆነ። እሳቸው ግን እዚያው በወባ ተይዘው ጥቅምት 1 ቀን አረፉ። በሙዚቃዊው ድራማ ላይ ንጉሡ የሚሞቱት አና አጠገባቸው ቆማ ነው። እውነተኛዋ አና ግን በሰዓቱ አገሩ ውስጥም አልነበረችም።

አዲሱ ንጉሥ የምስጋና ደብዳቤ ላኩላት እንጂ ነይ አላሏትም። ሥራ የለም፣ ልጆች አሉ። አሜሪካ ገብታ መጻፍ ጀመረች። በ1870 ስለ ቤተ መንግሥቱ የመጀመሪያ መጽሐፏን አወጣች፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ስለ ሐረሙ። ጊዜው አሜሪካ በባርነት ምክንያት እርስ በርስ ተዋግታ ገና የጨረሰችበት ነው። ስለታሰሩ ሴቶችና ስለ ጨካኝ ጌታ የሚተርክ መጽሐፍ ገበያው ሞቅ ያለ ነበር።

በጣም የከፋው ታሪክ ያለው ሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ቱፕቲም የምትባል ወጣት የንጉሡ ቁባት ከቀድሞ እጮኛዋ ጋር ለመሆን መነኩሴ መስላ ጠፋች፤ ስትያዝም ከእሱ ጋር በአደባባይ በእሳት ተቃጠለች ይላል። እስቲ አስቡት፤ ባንኮክ ውስጥ ቆንስሎች፣ ነጋዴዎችና ሚስዮናውያን ሞልተው በቡድሂስት አገር መነኩሴ በአደባባይ ሲቃጠል አንዳቸውም አልጻፉትም? ከመሬት በታች ስላለው እስር ቤትም ጽፋለች። ባንኮክ የተሠራችው ወንዝ ዳር፣ ትንሽ ሲቆፈር ውኃ በሚያፈልቅ ጭቃ ላይ ነው። እንዲያውም ሞንግኩት ልጅ ያልወለዱላቸው ቁባቶች ከፈለጉ ቤተ መንግሥቱን ለቀው ሌላ ባል ማግባት እንዲችሉ አዋጅ ያወጡ ሰው ናቸው።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ያህል፣ ሁሉንም ፈጠረችው ማለት አይቻልም። ባርነት በሲያም ነበረ። ንጉሡ 82 ልጆች ነበሯቸው፤ የቤተ መንግሥቱ ሴቶች ዓለምም በግንብ የታጠረ ነበር። ለእነዚያ ሴቶች ማዘኗ ከልቧ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ሐዘኗን ለመሸጥ አንድን እውነተኛ ሰው በስሙ ጨካኝ አድርጋ መሳሏ ነው።

መጽሐፎቿ ተረስተው ነበር። በ1944 ግን በሲያም በሚስዮናዊነት ኖራ የነበረች አሜሪካዊት፣ ማርጋሬት ላንደን፣ እነሱን አምና አንድ ልብ ወለድ ጻፈች። ከሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በ1946 ፊልም፣ በ1951 የመድረክ ሙዚቃዊ ድራማ፣ በ1956 ያ የዳንሱ ፊልም፣ በ1999 ደግሞ ጆዲ ፎስተርና ቾው ዩን ፋት የተወኑበት ሌላ ፊልም። በየደረጃው ፍቅሩ እየጨመረ፣ ሞንግኩት እየጠፉ ሄዱ። ቴሌስኮፕ የሚያስተካክሉት ምሁር ሹካ አያያዝ የሚማሩ ጅል ንጉሥ ሆኑ። የ1956ቱም የ1999ኙም ፊልም በታይላንድ ታገደ፤ የኋለኛው መቀረጫ ፈቃድ ስለተከለከለ የተሠራው ማሌዥያ ነው። የአና እውነተኛ ልደትና ቤተሰብ የታወቀው ደግሞ በ1970ዎቹ ብሪስቶው የሚባል እንግሊዛዊ የሕንድን መዝገብ ሲያገላብጥ ነው።

አና ከዚያ በኋላ ካናዳ ኖረች። ሃሊፋክስ ውስጥ እስከ ዛሬ ያለውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከመሠረቱት አንዷ ናት፤ ለሴቶች የመምረጥ መብትም ታግላለች። በ1897 ለንደን ላይ ከቀድሞ ተማሪዋ ከንጉሥ ቹላሎንግኮርን ጋር ተገናኘች። አብራት የነበረችው የልጅ ልጇ እንዳወራችው፣ ንጉሡ ላስተማረቻቸው አመስግነው፣ ስለ አባታቸው የጻፈችው ነገር ግን እንዳሳዘናቸው ነገሯት።

በ1915 ሞንትሪያል ውስጥ ሞተች። መቃብሯ ድንጋይ ላይ የሻለቃ ቶማስ ሊዮኖወንስ ውድ ሚስት ተብሎ ተቀርጿል፤ እስካሁን ያልታረመ።