የጄምስ ጊልሬይ ብዕርና የግብሩ ሸክም

የአንድ አገር የግብር ታሪክ በሕግ መጻሕፍት ብቻ አይነበብም፤ ከፋዩ ሕዝብ በሣቀባቸው ሥዕሎች ውስጥም ይገኛል። ለዚህ ጉልህ ማስረጃ የሚሆነን የእንግሊዛዊው የካርቱን ሠዓሊ የጄምስ ጊልሬይ ሕይወት ነው።

ጊልሬይ እ.ኤ.አ. በ1756 ያኔ ለንደን አጠገብ በነበረችው ቼልሲ ተወለደ። አባቱ በ1745 በፎንተኑዋ ጦርነት አንድ ክንዱን ያጣ ተራ ወታደር ነበር። ልጁ በመጀመሪያ በመዳብ ላይ ፊደል መቅረጽን ተማረ፤ በ1778 ደግሞ ወደ ንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገባ። በ1786 ባወጣው ሥዕል ንጉሥ ጆርጅ 3ኛና ንግሥቲቱ ኪሳቸው በገንዘብ ተሞልቶ ከግምጃ ቤት ሲወጡ፣ በአጠገባቸው እጅና እግሩን ያጣ ምስኪን መሬት ላይ ተቀምጦ ሲለምን እናያለን። የሠዓሊውን አባት ዕጣ ስናስታውስ የዚህ ሥዕል ትርጉም ይበልጥ ይጎላልናል።

በ1793 ከፈረንሳይ ጋር የተጀመረው ጦርነት የመንግሥቱን ወጪ አናረው። ጠቅላይ ሚኒስትር ፒት በ1799 የገቢ ግብርን በሥራ ላይ አዋለ። በዓመት ከ200 ፓውንድ በላይ የሚያገኝ ሰው ከመቶ 10 እንዲከፍል ተደነገገ። ከ60 ፓውንድ በታች የሚያገኘው ሠርቶ አደር ከዚህ ግብር ነፃ ቢሆንም፣ በጨው፣ በሳሙናና በሻማ ላይ የተጣለው ቀረጥ ግን ከዕለት ጉርሱ ይቀነስ ነበር። በዚያው ዓመት ጊልሬይ የእንግሊዝን ተራ ሰው የሚወክለው ጆን ቡል በግብሩ ሕግ ውስብስብነት ግራ ተጋብቶ፣ ፒት ደግሞ በመልአክ አምሳል ከበላዩ ሆኖ በገና ሲደረድርለት ሣለ። የሐና ሐምፍሪ የሥዕል መሸጫ በነበረበት በሴንት ጄምስ መንገድ፣ ሥዕሉን የመግዛት አቅም ያልነበረው መንገደኛ በመስኮቱ መስታወት ፊት ቆሞ ያይ ነበር።

ይሁን እንጂ አንድ መራራ ሐቅ ልብ ልንል ይገባል። ጊልሬይ ከ1797 እስከ 1801 ከዚያው ከፒት መንግሥት በምስጢር በዓመት 200 ፓውንድ ይቀበል ነበር። በእነዚያ ዓመታት የብዕሩ ስለት በአብዛኛው ወደ ተቃዋሚው ወገን ዞረ። ገዥዎች ሣቅን ማገድ ሲያቅታቸው ሊገዙት እንደሚሞክሩ ከዚህ እንገነዘባለን። በ1806 የፎክስ ወገን ሥልጣን ሲይዝ የገንዘብ ሚኒስትሩ ፔቲ የገቢ ግብሩን ከ6.25 ወደ 10 በመቶ መልሶ ከፍ አደረገ። ጊልሬይም ሁለቱን ሰዎች የጆን ቡልን በር የሚያንኳኩ ግብር ሰብሳቢዎች አድርጎ ሣላቸው። በር አንኳኪው ተለወጠ እንጂ ከፋዩ አልተለወጠም።

የሠዓሊው ዓይን ከ1806 ጀምሮ ደከመ፤ በኋላም አእምሮው ታወከ። እስከ ዕለተ ሞቱ ሐና ሐምፍሪ አስታመመችው። በ1815 አረፈ፤ የገቢ ግብሩም በ1816 ተሻረ፤ ሆኖም በ1842 ተመልሶ እስከ ዛሬ ጸንቷል።

እንግዲህ የጊልሬይ ሕይወት ሁለት ጥያቄዎችን ያስጨብጠናል፦ ከሕዝብ የተሰበሰበው ገንዘብ ለማን ይውላል? በስሙ የሚናገረውን ብዕርስ ማን ይቀልበዋል? ሁለተኛውን ሳይመረምር የመጀመሪያውን የሚጠይቅ ሕዝብ ሙሉ መልስ አያገኝም።