ብሩሽ አቀባይዋ ጋብሪዬል

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ሕይወት ዓምዳችን የምናቀርብላችሁ ፈረንሳዊውን ሠዓሊ ኦጉስት ሬኑዋርን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሬኑዋር በ1841 ሊሞዥ በምትባል ከተማ ከልብስ ሰፊ አባት ተወለደ። ገና በ13 ዓመቱ ሰሃንና ሲኒ ላይ ሥዕል እየሳለ እንጀራውን ይበላ ጀመር። ኋላ ፓሪስ ሥዕል ተማረ። በ1874 ከእነሞኔ ጋር ሆኖ ኢምፕሬሽኒስት የተባሉት ሠዓሊዎች የመጀመሪያ ኤግዚቢሽን ላይ ቀረበ። እነዚህ ሠዓሊዎች ብርሃን በሰውና በውሃ ላይ ሲጫወት ዓይናቸው እንዳየው ይስሉ ነበር። ብዙ ሰው ሳቀባቸው።

ታዲያ ኋላ ቁርጥማት ያዘው። ጣቶቹ ተቆልምመው ወደ መዳፉ ገቡ። ሙቀት ፍለጋ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ወርዶ ካኝ በተባለ ቦታ ተቀመጠ። በመጨረሻም መራመድ አቅቶት በተሽከርካሪ ወንበር ዋለ። መዳፉ እንዳይቆስል በጨርቅ ይጠቀለላል፤ ብሩሹን ጣቶቹ መሀል የሚያስገባለት ሌላ ሰው ነው።

ብሩሽ ከሚያቀብሉት አንዷ ጋብሪዬል ሬናር ነበረች። በ1894 ልጁ ዣን ሲወለድ ሞግዚት እንድትሆን ከገጠር የመጣች፣ የሚስቱ ዘመድ ናት። ልጅ ታዝላለች፣ ቤት ትሠራለች፣ ሞዴል ሆናም ትቀመጣለች። ሳይንቀሳቀሱ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ!

በ1911 የሳላት አንድ ሥዕል ዛሬ ፓሪስ በኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። ስስ ነጭ ልብስ ለብሳ፣ ጸጉሯ ላይ ጽጌረዳ ሰክታ ትታያለች። ጉንጯ የጽጌረዳውን ቀለም ይዟል። የታመመ እጅ የሳላት ናት ብሎ የሚገምት የለም። የሥዕሉም ስም ባለጽጌረዳዋ ጋብሪዬል ነው። ሞግዚቷ በስሟ ተጠራች ማለት ነው።

ሬኑዋር እስከ መጨረሻው እየሳለ ታኅሣሥ 3 ቀን 1919 ካኝ ውስጥ ሞተ።

እኛስ ከዚህ ምን እንማራለን? ስለ ጽናቱ ብዙ ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ያ እጅ ብቻውን አልሠራም። ነገ ጊምቢ፣ ደምቢ ዶሎ ወይም ሻምቡ ስንመደብ ጠመኔ የሚያቀብለን፣ ሰሌዳ የሚያጠፋልን ተማሪ አይጠፋም። አንተ ልጅ ብለን ብቻ አንለፈው። ስሙን እንወቅ፣ በስሙም እንጥራው።