ማርቲን የሚለው ስም በአገራችን

ከጓደኞቻችን ጋር ስለ ስም ስንከራከር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል፤ ይኸውም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የእንግሊዝ ስም ይዘው የኖሩት ለምንድን ነው የሚለው ነው። ነገሩን እንደ ነውር የሚቆጥሩት አሉ። እኛ ግን ስሙ ከየት እንደ መጣ ሳይመረመር ሊፈረድ አይገባም ብለን ይህን ጻፍን።

ማርቲን ከላቲን የመጣ ስም ሲሆን የወጣውም ማርስ ከተባለው ከሮማውያን የጦርነት አምላክ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው፥ ወታደር ሳለ ካባውን ቀዶ ለድኻ አካፈለ የሚባልለት የቱሩ ቅዱስ ማርቲን ስሙን በፈረንሳይ አስወደደው። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በዚያም አገር ተስፋፋ። በእኛ ዘንድ የአባት ስም በልጅ ልጅ ላይ ያልቃል፤ በእንግሊዞች ዘንድ ግን አንድ ማርቲን የተባለ አያት ስሙን ለዘሩ ሁሉ ያወርሳል።

ወርቅነህ የጎንደር ተወላጅ ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲያዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ገና ሕፃን ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለይተው ስለ ተገኙ ኮሎኔል ቻርልስ ቼምበርሌን የተባለ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። እርሱም ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን ለትምህርታቸው ከፈለ። ቻርልስ ከአንደኛው፥ ማርቲን ከሁለተኛው ተወሰደ። የጦርነት አምላክ ስም በጦር ሜዳ ለተገኘ ልጅ ደረሰ፤ ልጁ ግን ሐኪም ሆኖ ዐረፈው!

በላሆር ሕክምና ተምረው በ1882 እ.ኤ.አ. ከተመረቁ በኋላ በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ። የ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ወሬ ልባቸውን ወደ አገራቸው ሳበው። አዲስ አበባ ሲደርሱ አማርኛ አያውቁም ነበር። አያታቸው መጥተው በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለዩዋቸው፤ ወርቅነህ የሚለውንም ስም ያን ጊዜ መልሰው አገኙት። እንግዲህ ልጅን የሚያስታውቀው ስም ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ለእኛ ለአዳማ ተማሪዎች ይበልጥ የሚቀርበው የጨርጨር ዘመናቸው ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ጨርጨር የሚሄድ ሰው በባቡር ተሳፍሮ፥ ሞጆንና አዳማን አልፎ፥ አዋሽን ተሻግሮ ሚኤሶ ይወርድ ነበር። አሰበ ተፈሪን ዋና ከተማቸው አድርገው አውራጃውን ለሌላው ምሳሌ እንዲሆን በአዲስ ደንብ ያስተዳድሩት ጀመር። ያች ከተማ ዛሬ ጭሮ ትባላለች። የእኛይቱም ከተማ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ፥ በ2000 እ.ኤ.አ. ወደ አዳማ ተመልሳለች። በሁለት ስም መጠራት ለሐኪሙ ብቻ የደረሰ አይደለም ማለት ነው።

በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ወደ ሎንዶን ተላኩ። በወረራው ጊዜ እንግሊዞች ዶክተር ማርቲን እያሉ ሲጠሩዋቸው እሳቸው ለኢትዮጵያ ገንዘብና መሣሪያ ይፈልጉ ነበር። ስሙ በር ለማንኳኳት ረዳቸው እንጂ አገራቸውን አላስረሳቸውም፤ የእኛ አሳብ ይህ ነው። ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ፥ ማርቲን የሚለውን ስም ከአባታቸው የወረሱት፥ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በኢጣልያኖች እጅ ተገደሉ። አባታቸው ከነጻነት በኋላ ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዐረፉ።