የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ናፍቆት

ትምህርትን ከልቡ እየወደደ ትምህርቱ አልገባው የሚል ልጅ ለመምህሩ ከባድ ፈተና ነው። ሰነፍ ልጅ ቢገሠጽ ይነቃ ይሆናል፤ የሚወድደውን ነገር መጨበጥ ያቃተውን ልጅ ግን በምን ይገሥጹታል? በ14ኛው መቶ ዓመት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የነበሩ መምህራን እንዲህ ያለ ልጅ ገጥሟቸው ነበር። ይኸውም ልጅ በኋላ ዘመን በድርሰቱ ብዛትና በምሥጢሩ ጥልቀት ከኢትዮጵያ ሊቃውንት ግንባር ቀደም ሆኖ የተቈጠረው አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ነው።

ጊዮርጊስ የተወለደው በ1365 ገደማ በፈረንጅ አቈጣጠር፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በሚባለው አገር፣ ሰግላ በተባለው ስፍራ ነው፤ ስለዚህም ጊዮርጊስ ዘሰግላ እየተባለም ይጠራል። አባቱ ሕዝበ ጽዮን የተማረ ካህን ነበረ፤ አገልግሎቱም በንጉሡ ሰፈር በነበረችው የድንኳን ቤተ ክርስቲያን ነበረ። የዚያ ዘመን ነገሥታት በአንድ ከተማ ተቀምጠው አይውሉም ነበርና፣ ሰፈሩ ሲነሣ ታቦቱም ካህናቱም አብረው ይነሣሉ። እንግዲህ ሕፃኑ ከጧት ጀምሮ ሲሰማ ያደገው የካህናቱን ዜማና የሠራዊቱን ጫጫታ በአንድነት ነው። አባቱ ከዚህ ጫጫታ አውጥቶ ለትምህርት ወደ ሐይቅ ላከው።

የሐይቅ ገዳም በዚያን ጊዜ የአገሩ ታላቅ ትምህርት ቤት ነበረ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ማኅበሩን ካቋቋመ ጀምሮ፣ ከዚያ እየተማሩ የወጡ መነኰሳት በየአውራጃው ገዳም ተክለዋል፤ ከእነርሱም አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነው። ከእንዲህ ያለ ቤት ገብቶ ባዶ እጅ መውጣት ለቤተ ሰብም ኀፍረት ነበረ።

ገድሉ እንደሚተርከው፣ ጊዮርጊስ ሰባት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ትምህርቱ ሊገባው አልቻለም። ጓደኞቹ እያለፉት ሄዱ፤ ይሥቁበትም ነበር። በመጨረሻ መምህሩ ተስፋ ቈርጦ አባቱን አስጠራና ልጅህን ውሰድ አለው። መምህሩን በዚህ ብቻ ክፉ ማለት አይገባም፤ ሰባት ዓመት መታገሥ ቀላል አይደለም፤ የልጁን ዕድሜ በከንቱ እንዳይጨርስም አስቦ ይሆናል። ሕዝበ ጽዮን ግን ልጁን አልወሰደውም። አንድ ጊዜ ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም፤ መማር ካልቻለ ገዳሙን በጕልበቱ ያገልግል ብሎ ትቶት ተመለሰ።

ለጊዮርጊስ የደረሰው ሥራ እህል መፍጨት ነበረ። በአገራችን ልማድ ወፍጮ የሴት ሥራ ነው፤ ሴት በማይገባበት ገዳም ግን ከወንዶቹ አንዱ ከድንጋዩ ፊት መንበርከክ አለበት። የቤተ መንግሥት ካህን ልጅ፣ እኩዮቹ መጽሐፍ ዘርግተው ሲያነብቡ እርሱ የእነርሱን እንጀራ እህል ይፈጫል።

የዚህ ሰው ታሪክ የሚከብደው ከዚህ ላይ ነው። ሌላ ቢሆን ወይ ገዳሙን ጥሎ ይሄድ ነበር፤ ወይም ዕጣዬ ይህ ነው ብሎ ልቡ ይደነዝዝ ነበር። ጊዮርጊስ ሁለቱንም አላደረገም። ወፍጮ እጅን ይይዛል እንጂ ልብን አይዝም፤ እርሱም ቀን ሲፈጭ ውሎ ሌሊት ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ያለቅስ ነበር። የሚለምነውም ዕውቀትን ለክብር ብሎ አልነበረም። የእግዚአብሔርን ነገር ሊሰማ፣ ሊረዳ፣ ሊያመሰግንበት ይናፍቅ ነበር፤ የሚያመሰግንበት ቃል ግን አልነበረውም። ስለ ተጠማው ዋላ የሚናገረውን የዳዊት መዝሙር ከትንሽ ተማሪ እስከ ሊቅ ድረስ ሁሉ በቃሉ ይደግመዋል፤ ጥማቱን ይዞ ዓመታት የሚቈይ ግን ጥቂት ነው። የመንፈስ አባቶች ናፍቆትን ከጸጋ ሁሉ አስቀድመው የሚቈጥሩት ስለዚህ ነው፤ ሰው ያልናፈቀውን ቢሰጡትም አያውቅበትም።

ከዕለታት አንድ ቀን እመቤታችን ተገልጣ ጽዋዐ ልቡናን አጠጣችው ይላል ገድሉ። ከዚያ ወዲያ የተዘጋው ሁሉ ተከፈተለት፤ ያለፉትን ጓደኞቹን ዐለፋቸው፤ ይሥቁበት የነበሩትም ሊጠይቁት መጡ። ይህን ተአምር የሚሰማ አስተማሪ በጽዋው ይደነቃል፤ ይሁን እንጂ ከጽዋው በፊት የነበሩት ሰባት ዓመታትና የወፍጮው ድንጋይ ሊረሱ አይገባም።

ጊዮርጊስ ከዚህ በኋላ መምህር ሆነ፤ ከቤተ መንግሥቱም ቀርቦ አስተማረ። ጥማቱ ግን በዕውቀት አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰበት። የዚህም ምስክሩ መጽሐፈ ሰዓታቱ ነው። ሌላው ሰው በሚተኛበት ሰዓት ካህናት ቆመው የሚያመሰግኑበትን ይህን የሌሊት ጸሎት በግእዝ አዘጋጀ፤ በውስጡም የእመቤታችን ምስጋና ሞልቶበታል። ቤተ ክርስቲያን ሌሎች ብዙ ድርሰቶችንም በስሙ ትቈጥራለች። በሐይቅ ሌሊት ብቻውን ያለቅስ የነበረው ሰው፣ ሌሊቱን ለሕዝቡ ሁሉ የምስጋና ጊዜ አደረገው። እስከ ዛሬም ሰዓታት በሚቆምበት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ድካሙ ይሰማል።

ዘመኑ የዐፄ ዳዊት ነበረ። እኚህ ንጉሥ እመቤታችንን እጅግ የሚወድዱ ነበሩ፤ ተአምረ ማርያም ወደ ግእዝ የተመለሰው በመንግሥታቸው ነው። ሊቁና ንጉሡ በዚህ አንድ ልብ ነበሩ ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ቢቱ ከሚባል ሰው ጋር ስለ ዳግም ምጽአት፣ በዚያም ቀን ስለ ሥላሴ መገለጥ ክርክር ተነሣ። ለጊዮርጊስ ይህ የቃላት ጨዋታ አልነበረም። ዕድሜውን ሁሉ ሊያየው የናፈቀውን አምላክ በመጨረሻ እንዴት ያየዋል የሚለው ጥያቄ ነበረና፣ ለሰው ፊት ብሎ ዝም ሊል አልቻለም። ክርክሩም ጠላት አፈራለት፤ ከንጉሡ ጋር ተጣልቶ ታሰረ። የእመቤታችን ወዳጅ የሆኑ ንጉሥ የእመቤታችንን ደራሲ ማሰራቸው የሚያሳዝን ነገር ነው። ዐፄ ዳዊት በ1413 ካረፉ በኋላ ልጃቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ቀዳማዊ ሲነግሡ ከእስራቱ ተፈታ፤ የእኚህም ንጉሥ ዘመን አጭር ሆነ።

በዐፄ ይስሐቅ ዘመነ መንግሥት በ1424 መጽሐፈ ምሥጢርን ፈጸመ። ይህ መጽሐፍ ከሰባልዮስና ከአርዮስ ጀምሮ የመናፍቃንን ትምህርት እየጠራ በየተራ መልስ ይሰጣል፤ ቢቱንም አልተወውም። የሩቁን ዘመን መናፍቅ ከመጽሐፍ ያወቀው ነው፤ ቢቱ ግን በዓይኑ ያየው፣ ስለ እርሱም መከራ የተቀበለበት ሰው ነበረ። አንባቢውን የሚያስደንቀው ግን ክርክሩ በምስጋና መታጀቡ ነው። ደራሲው መልስ ሲሰጥ ይቈይና ድንገት ክርክሩን ትቶ ማመስገን ይጀምራል። የግእዙ ንባብ ከጣልያንኛ ትርጓሜ ጋር በያዕቆብ በየነ ተዘጋጅቶ በ1990 እና በ1993 ታትሟል።

መጽሐፉን ከፈጸመ በኋላ ብዙ አልቈየም። በቦረና አገር በገደል መካከል ባለው በጋሥጫ ተቀበረ፤ ስሙም ከዚያ ቦታ ጋር ተያይዞ ቀረ። መታሰቢያው ሐምሌ 7 ቀን ይከበራል፤ ዕለቱም የሥላሴ በዓል ነው።