የእናቶችን ጤና ለመመለስ የኖሩት ሐኪም - ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የምዕራብ ሐረርጌዋ ሂርና በጨርጨር ተራሮች የተከበበች ናት። በእንዲህ ዓይነቱ ተራራማ አካባቢ ምጥ የጠናባት እናት ሐኪም ዘንድ ሳትደርስ ቀናት ካለፉ፣ የሕፃኑ ራስ የውስጥ አካሏን ተጭኖ ደም ያሳጣዋል። የተጎዳው ሥጋ ሲሞት በሽንት ፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይፈጠራል። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ጉዳት ያገኛት ሴት ሽንቷን መቆጣጠር ይሳናታል፤ ብዙውን ጊዜም ከትዳሯና ከወገኖቿ ትለያለች።

እነዚህን ሴቶች በማከም ስማቸው የሚነሣው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በ1900 ዓ.ም በኒውዚላንድ ተወለዱ። በሲድኒ በነበረው የክራውን ስትሪት የሴቶች ሆስፒታል በማህፀንና ጽንስ ሕክምና ሲያገለግሉ ከዶክተር ካትሪን ጋር ተዋውቀው ትዳር መሠረቱ። ባልና ሚስቱ በ1951 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም፣ ለሦስት ዓመት ብቻ ተዋውለው ነበር።

ይሁን እንጂ በአገራቸው እምብዛም የማይታየው ጉዳት እዚህ የብዙ ሴቶችን ሕይወት ሲያበላሽ ተመለከቱ። ስለ ቀዶ ሕክምናው የተጻፉ መጻሕፍትንና ጽሑፎችን አጥንተው በመጀመሪያው ዓመት 30 ሕሙማንን አከሙ። ወሬው ሲሰማ ሴቶች ከየጠቅላይ ግዛቱ በእግርና በአውቶቡስ ይጎርፉ ጀመር። በ1967 ዓ.ም ሕክምናውን በነፃ የሚሰጠውን የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ከባለቤታቸው ጋር መሠረቱ።

ዶክተር ሐምሊን የቀዶ ሕክምናውን ወሰን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ቀዳዳው የተደፈነላት ሴት ዳግም ልትወልድ ትችላለች፤ ነገር ግን በሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ካልወለደች የተጠገነው አካል እንደገና ሊቀደድ ይችላል። ስለሆነም የተመለሰው ጤና የሚጸናው ባለሙያ በአቅራቢያ ሲገኝ ነው።

ዶክተር ሐምሊን በ1985 ዓ.ም አረፉ። ባለቤታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2012 ዓ.ም ድረስ ሥራውን የቀጠሉ ሲሆን፣ ሕክምናውን ያገኙት ሴቶች ቁጥር ከ60 ሺህ በላይ ደርሷል። በባህር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለምና በመቱ እንደተደረገው ሁሉ በሐረርም ማዕከል በመከፈቱ፣ የሂርና አካባቢ ሴቶች ለሕክምናው የግድ አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ ቀርቶላቸዋል። ዶክተሩ ወደ ኢትዮጵያ የመጡበት የመጀመሪያ ዓላማም በ2000 ዓ.ም በተከፈተው የሐምሊን አዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ አማካይነት ፍሬ አፍርቷል።